ልጆችን በኮምፒዩተር መጻፍ ማስተማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ወላጆችና የአንደኛ ደረጃ መምህራን አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ በአብዛኛው ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ነው። በየመልሱ ውስጥ አንድ አቋም አለኝ፤ ከወዲሁ ልናገረው። ልጁ ከሁሉ በፊት የራሱን ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። የሜኑ ስም መሸምደዱም ሆነ ጽሑፍ ማሳመሩ ይደርሳል።

ከስንተኛ ክፍል ቢጀምሩ ይሻላል?

ፊደል ለይቶ የሚያነብና አጭር ዐረፍተ ነገር በእጁ የሚጽፍ ልጅ መጀመር ይችላል። ብዙዎቹ እዚህ የሚደርሱት 3ኛ ክፍል አካባቢ ነው። 1ኛና 2ኛ ክፍል ላሉት ማውስ መያዝና ስማቸውን መጻፍ ይበቃቸዋል። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ከታች ክፍል ይጀምራሉ። በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ልጆች ኪቦርድ የሚነኩት ዘግይተው ነው። ልጄ ዘገየ ብላችሁ አትጨነቁ። 6ኛ ክፍል ላይ የጀመረ ልጅ እጁም አእምሮውም ስለጠና ቶሎ ይደርሳል።

በአማርኛ ይጀምሩ ወይስ በእንግሊዝኛ?

ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ይጀምር። አፉን የፈታው በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ ይጻፍ። ይህንን ስል የሚገረሙ መምህራን አሉ፤ ኮምፒዩተርና እንግሊዝኛ አንድ ላይ የሚሄዱ ስለሚመስላቸው። ልጆቹን ግን ልብ ብላችሁ እዩአቸው። በእንግሊዝኛ ጻፉ ሲባሉ ከመጽሐፉ ላይ እየቆጠሩ ይገለብጣሉ። አንድ ፊደል ያያሉ፣ ኪቦርዱ ላይ ይፈልጋሉ፣ ይጫናሉ፣ ወደ መጽሐፉ ይመለሳሉ። በአማርኛ ሲሆን ስለ ታናሽ ወንድማቸው፣ ስለ ፋሲካ በግ፣ ስለ ሰፈር ኳስ ይጽፋሉ። የሚሉት ነገር ስላላቸው ይቸኩላሉ፤ ጣታቸውን የሚያፍታታውም ይኸው ችኮላ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። በብዙዎቹ የአማርኛ ኪቦርዶች የሚጻፈው በድምፅ ነው። «ሰላም» ለማለት ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ይጫናል። ኤስ ብቻውን «ስ» ያወጣል፤ ኢ ሲከተለው «ሰ» ይሆናል። ሳድሱ አንድ ቁልፍ፣ ሌሎቹ ሁለት ቁልፍ ይፈልጋሉ ማለት ነው። ልጁ ሳያውቀው የፊደል ገበታውን ይከልሳል። በገበታው ላይ 231 ሆነው ያጠናቸውን ፊደላት እዚህ ተነባቢና አናባቢ ሆነው ያገኛቸዋል። ግዕዝንና ራብዕን፣ «ሀ»ንና «ሃ»ን የሚያምታቱ ልጆች እዚህ ላይ ሲነቁ አይቻለሁ።

እንግሊዝኛው በሁለተኛው መንፈቅ ይቀጥል። ቁልፎቹ እነዚያው ስለሆኑ አዲስ አይሆንባቸውም። አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ልጆች ጽሑፋቸው በላቲን ፊደል ስለሆነ ተጨማሪ ነገር መጫን አያስፈልጋቸውም። በትግርኛ የሚጽፉት እንደ አማርኛው ነው፤ የትግርኛ ኪቦርድ ይመረጥላቸው።

በአማርኛ ለመጻፍ ኮምፒዩተሩ ላይ ምን ይጫን?

ዊንዶውስ 10 እና 11 የአማርኛ ኪቦርድ አብሯቸው ይመጣል። ከሴቲንግ ውስጥ ቋንቋ የሚለውን ከፍታችሁ አማርኛን ጨምሩ። ከዚያ የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስ ባርን አንድ ላይ መጫን ከቋንቋ ቋንቋ ያሸጋግራል። ኪማን የሚባለውም ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ዋናው ነገር በላቡ (በኮምፒዩተር ክፍሉ) ውስጥ ያሉት ኮምፒዩተሮች በሙሉ አንድ ዓይነት ይሁኑ። አንዱ ላይ ፓወር ግዕዝ የሚባለው የአማርኛ መጻፊያ፣ አንዱ ላይ ኪማን፣ አንዱ ላይ የዊንዶውሱ ከሆነ ልጁ ወንበር በቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ ይጀምራል። የመረጣችሁት ኪቦርድ ሠ፣ ሐ፣ ዐ እና ፀ የሚጻፉት እንዴት እንደሆነ ከክፍለ ጊዜው በፊት ሞክሩት። ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ በስማቸው ውስጥ አለና።

ካፕስ ሎክንም ተጠንቀቁ። በእነዚህ ኪቦርዶች «ት» እና «ጥ»፣ «ች» እና «ጭ» የሚለዩት በሺፍት ነው። ካፕስ ሎክ በርቶ ከቀረ የጻፉት ሁሉ ይገለባበጣል። «ቲቸር፣ ኮምፒዩተሩ ተበላሸ!» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ መጀመሪያ የምታዩት ያንን መብራት ይሁን።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን እናስተምር?

ጥቂት ነገር። ብዙ መምህራን በመጀመሪያው ቀን «ዎርድ ፕሮሰሰር ማለት…» ብለው ትርጉም ያስጽፋሉ። በሁለተኛው ቀን የሜኑዎቹን ስም በሰሌዳ ላይ ይዘረዝራሉ። ልጁ ይህን ሁሉ በደብተሩ ይዞ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይጽፍ ወር ይሞላል። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ።

በመጀመሪያው ቀን የጽሑፍ ፕሮግራሙን (ዎርድን ወይም መሰሉን) ከፍተው ስማቸውን ይጻፉ። ከዚያ ስለ ራሳቸው ሁለት ዐረፍተ ነገር ይጨምሩ። የሚያስፈልጋቸው ቁልፍ ስፔስ ባር፣ ባክስፔስና ኢንተር ነው። ቀጥሎ ጠቋሚውን በማውስ ወይም በቀስት ቁልፎች ወደ ስህተቱ መውሰድ ይማሩ። ይህ ለአዋቂ ቀላል ይመስላል። ለልጅ ግን አይደለም። አምስት ቃል ወደኋላ ያለችን አንዲት ፊደል ለማረም መንገዱን ሁሉ እያጠፋ የሚመለስ ልጅ ሞልቷል። ባክስፔስ ከጠቋሚው በስተግራ፣ ዲሊት ደግሞ ከጠቋሚው በስተቀኝ ያለውን እንደሚያጠፋ በእጁ ሠርቶ ይየው።

ኮንትሮልና ዜድን አንድ ላይ መጫን በመጀመሪያው ሳምንት ይማሩ። ጽሑፉ በሙሉ ድንገት የጠፋበት ልጅ ይደነግጣል፤ አንዳንዱም ያለቅሳል። ሳያስበው ሁሉንም መርጦ አንድ ቁልፍ ነክቶ ነው። ኮንትሮልና ዜድ እንደሚመልስለት ያወቀ ልጅ መሞከር አይፈራም። ከመማሪያ መጽሐፉ ላይ አንድ አቋራጭ ብቻ ምረጡ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

ኢንተር ላይ ቆም በሉ። ልጆች በደብተር ላይ መስመር ሲያልቅ ወደ ታች ስለሚወርዱ እዚህም በየመስመሩ መጨረሻ ኢንተር ይጫናሉ። ከዚያ አንድ ቃል ሲጨምሩ ጽሑፉ ይበታተናል። «እጃችሁን ከኢንተር አንሱና ዝም ብላችሁ ጻፉ፤ ምን ይሆናል?» በሏቸው። ቃሉ ራሱ ወደ ታች ሲወርድ ሲያዩ ይገባቸዋል። ኢንተር አዲስ አንቀጽ ሲጀመር ብቻ ነው።

አራት ነጥብ እንዴት ይጻፋል?

በድምፅ በሚጻፉት ኪቦርዶች አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ነጥቡን ቁልፍ ሁለቴ በመጫን ነው። ኪቦርዱ ወደ እንግሊዝኛ ተቀይሮ ከሆነ ግን ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የእንግሊዝኛ ምልክቶች ይወጣሉ። ከሩቅ አራት ነጥብ ይመስላሉ፤ አራት ነጥብ ግን አይደሉም።

አራት ነጥብ ከቃሉ ጋር ይጣበቅ፤ ስፔሱ ከእሱ በኋላ ይምጣ። በፊት ስፔስ ከተደረገ ምልክቱ ለብቻው ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርዳል። ይህን ስህተት በትልልቅ መሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች ላይም ታገኙታላችሁ። ሰው በልጅነቱ የለመደውን ይዞ ስለሚያድግ ገና ከጅምሩ ይታረም። ነጠላ ሰረዝም እንደዚሁ ነው።

በአሥር ጣት መጻፍ ግድ ነው?

ግድ አይደለም፤ ጥሩ ነው። የልጅ እጅ ትንሽ ስለሆነ ዳር ያሉት ቁልፎች ላይ ትንሿ ጣት አትደርስም። ቢያንስ ሁለቱንም እጅ ይጠቀሙ። ግራው የግራውን፣ ቀኙ የቀኙን ጎን ይያዝ። ኤፍ እና ጄ ላይ ያለችውን ጉብታ በጣታቸው ይዳስሱ፤ ጠቋሚ ጣቶች የሚያርፉት እዚያ ነው። ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ በሳምንት ጥቂት ደቂቃ ልምምድ ይጨመር። ተክስ ታይፒንግ የሚባል ነጻ ጨዋታ አለ፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ከላይ የሚወርዱትን ፊደላት የጻፈ ልጅ ፔንግዊኑን ዓሣ ያበላል። ይወዱታል። ፍጥነት ግን አትለኩባቸው።

ኮምፒዩተሩ ትንሽ፣ ተማሪው ብዙ ነው። ምን እናድርግ?

የአብዛኛው ትምህርት ቤት ችግር ይህ ነው። 50 ተማሪ ለ15 ኮምፒዩተር ከሆነ ሦስትና አራት ሆነው ይቀመጣሉ። ያኔ አንዱ ደፋር ልጅ ማውሱን ይዞ አይለቅም፤ ሌሎቹ ያያሉ። ብዙ ጊዜ የሚያዩት ሴቶቹና ዝምተኞቹ ናቸው። መምህሩ በዓይኑ ፈልጎ ካላስተካከለው ዓመቱን ሙሉ እንደዚያው ይቀጥላል።

የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው። ክፍሉን ለሁለት ክፈሉት። ግማሹ ላብ ውስጥ ሲሆን ግማሹ በደብተሩ የሚጽፈውን ያዘጋጅ። ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠ ልጅ «ምን ልጻፍ?» እያለ ጊዜ ማቃጠል የለበትም፤ ረቂቁን ይዞ ይግባ። በአንድ ኮምፒዩተር ሁለት ከሆኑ አንዱ ይጻፍ፣ ሌላው ረቂቁን ያንብብለትና ስህተት ይፈልግለት። በየ10 ደቂቃው አጨብጭባችሁ አቀያይሯቸው። የሚያነበው ልጅ ማውስ አይነካም፤ በቃሉ ብቻ ይምራ። ይህችን ደንብ ካስከበራችሁ የሚያነበውም ከሚጽፈው እኩል ይማራል።

የተበላሸ ኪቦርድ ካላችሁ አትጣሉት። ተራ የሚጠብቁት ልጆች ጣታቸውን ያለማምዱበት። ወፍራም ካርቶን ላይ የተሳለ ኪቦርድም ቦታ ለመልመድ ያገለግላል።

ማይክሮሶፍት ዎርድ የለንም። ይቻላል?

ይቻላል። ሊብሬ ኦፊስ ነጻ ነው። ራይተር የሚባለው ክፍሉ ለልጆች ከበቂ በላይ ነው፤ ሜኑውንም በአማርኛ ማድረግ ይቻላል። የሰነዱን ዓይነት በዎርድ እንዲከፈት አድርጎ ሴቭ ማድረግም አለ። ልጁ እዚህ የለመደውን ዎርድ ላይ አያጣውም። ኢንተርኔት ካለ ጉግል ዶክስም ጥሩ ነው።

ስሜን ስጽፍ ቀይ መስመር ለምን ይሠመራል?

ይህ የልጆች ጥያቄ ነው፤ እኔ ዘንድ ከሁሉም በላይ ቦታ አለው። ልጅቷ ስሟን በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፋለች። ከሥሩ ቀይ መስመር ይመጣል። ቀይ በደብተሯ ላይ ስህተት ማለት ነው። አጥፍታ እንደገና ትጽፋለች፤ አሁንም ቀይ። አንዳንዷ ኮምፒዩተሩን ደስ ለማሰኘት የስሟን ፊደል ትቀይራለች።

ቀይ መስመር «ይህ ቃል እኔ ዝርዝር ውስጥ የለም» ማለት ብቻ እንደሆነ በግልጽ ንገሯቸው። ዝርዝሩ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ነው፤ የእኛን ስሞች ሁሉ አያውቅም። ስሙ ላይ በቀኝ ማውስ ተጭነው ወደ መዝገበ ቃላቱ እንዲጨምሩ አሳዩአቸው። መስመሩ ሲጠፋ ፊታቸውን ማየት ደስ ይላል። በአማርኛ ጽሑፍ ላይም ቀይ መስመር ከሞላ የማረሚያው ቋንቋ በትክክል አልተመረጠም፣ ወይም ፕሮግራሙ የአማርኛ ማረሚያ መዝገብ የለውም ማለት ነው። ለታናናሾቹ ማረሚያውን አጥፍቶ ስህተቱን እርስ በርስ እንዲፈልጉ ማድረግ ይሻላል።

መብራት ቢጠፋስ?

ይጠፋል። ስለዚህ ሴቭ ማድረግ ገና አንድ ዐረፍተ ነገር ሲጻፍ ይጀመር። ኮንትሮልና ኤስ። እኔ በየአንቀጹ «እጅ ወደ ላይ፤ አሁን ሴቭ!» እላለሁ፤ ሁሉም አንድ ላይ ይጫናሉ። ዎርድም ሊብሬ ኦፊስም በየተወሰነ ደቂቃ የመጠባበቂያ ቅጂ ያስቀምጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ 10 ደቂቃ ላይ ስለሚሆን ከኦፕሽን ውስጥ ገብታችሁ ወደ 2 ደቂቃ አውርዱት። ላፕቶፕ ካላችሁ ባትሪው የሞተ ቢመስልም ፈትሹት፤ 5 ደቂቃ ከያዘ ሴቭ ለማድረግ ይበቃል።

ሴቭ አደረጉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ፋይሉ የለም። ለምን?

አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ የት እንዳለ ነው የማያውቁት። «ዶክዩመንት 1» በሚል ስም የተቀመጡ ፋይሎች ይከማቻሉ፤ የማን እንደሆኑ አይታወቅም። አስቀድማችሁ በየኮምፒዩተሩ ላይ የየክፍሉን ፎልደር፣ በውስጡም የየተማሪውን ፎልደር ክፈቱ። የፋይሉ ስም የልጁ ስምና የሥራው ርዕስ ይሁን፤ ለምሳሌ «ሰብለ የኔ ሰፈር»። ልጆቹም ሁልጊዜ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጡ።

ፍላሽ በተመለከተ ቁጥብ ሁኑ። ፎልደሮችን ደብቆ በሾርትከት የሚተካው ቫይረስ ከቤት ቤት፣ ከኢንተርኔት ካፌ ወደ ላብ የሚዞረው በፍላሽ ነው። እንዲህ ሲሆን ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ የተደበቁ እንጂ የጠፉ አይደሉም፤ ተቻኩላችሁ ፎርማት አታድርጉ።

ቤት የተጻፈው ትምህርት ቤት ሲከፈት ሳጥን ሳጥን ሆነ፣ ወይም የማይነበብ እንግሊዝኛ ሆነ።

ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ሳጥን ከሆነ ኮምፒዩተሩ ላይ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት የለም። ኒያላ፣ ኤብሪማ ወይም አቢሲኒካ መጫን ይፈታዋል።

ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ከሆነ ጽሑፉ የተጻፈው በድሮው አሠራር ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደላት የጋራ መለያ ቁጥር የሚሰጠው አሠራር) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች የአማርኛን ቅርጽ ለላቲን ፊደላት በተሰጡ መለያ ቁጥሮች ላይ ይጭኑ ነበር፤ ያ ልዩ ፎንት በሌለበት ቦታ ጽሑፉ አይነበብም። በዚያ አሠራር የሚጽፉ ኮምፒዩተሮች ዛሬም በየጽሕፈት ቤቱ አሉ። ልጆችን በዚያ አታስተምሯቸው። የሚጽፉት ነገር ስልክ ላይም፣ ኢሜይል ላይም፣ ከ10 ዓመት በኋላም እንዲነበብ ዩኒኮድ ብቻ ይሁን።

ማሳመር መቼ ይማሩ?

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ። ቀለምና የፊደል ዓይነት ልጅን ይማርካል፤ ክፍለ ጊዜውን በሙሉ ርዕሱን ሲያቀልም ሊውል ይችላል። የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ለዚህ ስጡና ይደሰቱ። ርዕስ መሃል ለማድረግ ስፔስ ባር መደርደር እንደማያስፈልግ፣ መሃል የሚያደርገው ምልክት እንዳለ አሳዩአቸው። ለአማርኛ የፊደል መጠን 14 ወይም 16 ይሁን፤ «ሰ»ን ከ«ሸ»፣ «ከ»ን ከ«ኸ» ለመለየት ዓይን አይቸገርም። ጽሑፉ በግራ ብቻ ይስተካከል። ሁለቱም ዳር እኩል ይሁን ስትሉ እንደ «እንደሚያስፈልጋቸው» ያሉ ረጃጅም ቃላት መስመሩ መሃል ሰፊ ክፍተት ይፈጥራሉ።

ፈተናውስ?

በተግባር ይሁን። ስህተት ያለበት አጭር ጽሑፍ ስጧቸው፤ ያርሙት፣ ርዕስ ይስጡት፣ በስማቸው ሴቭ ያድርጉት። በወረቀት ላይ ምርጫ የሚያከቡበት የኮምፒዩተር ፈተና የሚለካው የማስታወስ ችሎታን ነው።

የእጅ ጽሑፋቸው አይበላሽም?

የእጅ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ ካልተነካ አይበላሽም። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ኪቦርድ መንካት ደብተርን አይተካም።

ቤት ኮምፒዩተር የለንም፤ በስልክ ይለማመድ?

ይለማመድ። የጉግል ኪቦርድ አማርኛ አለው፤ ዶክስም ስልክ ላይ ይሠራል። የሚለምደው ሐሳብ መደርደርንና ማረምን ነው፤ የጣት ልምዱ የተለየ ነው። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ኦቲጂ በምትባለው ትንሽ ማገናኛ ተራ የኮምፒዩተር ኪቦርድ ይቀበላሉ። አዲስ ላፕቶፕ ለመግዛት ለማይቻልበት ቤት ይህ ትልቅ መፍትሔ ነው።

በድምፅ ቢናገሩና ቢጽፍላቸውስ?

የጉግል የድምፅ ጽሕፈት ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛ ይሰማል። መጻፍ በአካል ለሚቸገር ልጅ ይህ ትልቅ በር ነው፤ ሳታመነቱ ተጠቀሙበት። ለሌሎቹ ግን በዚህ ዕድሜ አይሁን። ፊደሉን ራሱ ፈልጎ ያላገኘ ልጅ ማሽኑ ሲሳሳት ማረም አይችልም። ድርሰት ጽፈው ለሚሰጡት አዳዲስ ፕሮግራሞችም መልሴ ይኸው ነው።

ውጭ አገር ያደጉ ልጆቻችን በአማርኛ መጻፍ ይችላሉ?

ፊደል ከቆጠሩ ይችላሉ። አሜሪካ ያሉ ልጆች ብዙዎቹ በትምህርት ቤት ክሮምቡክ የሚባለውን ላፕቶፕ ስለሚጠቀሙ ኪቦርዱን ያውቁታል፤ የሚቀረው የአማርኛውን ኪቦርድ መጨመር ነው። በቅዳሜና እሑድ የአማርኛ ትምህርት ላይ ለአያት አጭር ደብዳቤ ማስጻፍ ከሁሉ የተሻለ ልምምድ ነው፤ መልስ ይመጣላቸዋልና። እስራኤል ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዕብራይስጥ የተዘጋጀ ዎርድ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጽፍ በአማርኛው ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ያለው የጥያቄ ምልክት በተሳሳተ ጫፍ ሊቀመጥ ይችላል። ኮንትሮልና የግራውን ሺፍት መጫን አንቀጹን ወደ ግራ ይመልሰዋል።

ፕሪንተር የለንም። ሥራቸውን ማን ያየዋል?

ልጅ የጻፈውን ሰው ካላነበበለት ይሰላቻል። ሥራውን ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩትና በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ለወላጆች ላኩት። ፒዲኤፍ ሲሆን ፎንቱ አብሮት ስለሚሄድ በማንኛውም ስልክ ላይ በትክክል ይነበባል። በመንፈቁ መጨረሻ ከእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ሰብስባችሁ የክፍል መጽሔት አድርጉት። አንድ ቅጂ ብቻ ጽሕፈት ቤት አሳትማችሁ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ወላጆች ግን የልጆቹን ሙሉ ስምና ፎቶ የያዘውን ለሁሉም ክፍት በሆነ ቻናል ላይ እንዳይለቁት አስቀድማችሁ ንገሯቸው።